ጋሽ ቀለም ቤት የገባው ፕሪንተር

ድሮ የሰፈራችን ሱቆች ግንባር ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነበር። ዳቦ ቤቱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚለው ሳይቀር። ሰውዬው ስም ነበራቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው ግን የለም። ጥፍራቸው ሥር የማይለቅ ቀለም ስለነበር ጋሽ ቀለም አልናቸው፣ እሳቸውም ወደዱት።

ባለቤታቸው የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበሩ። ቲቸር ነው የምንላቸው፤ ግማሾቻችን ፊደል የቆጠርነው እሳቸው ዘንድ ነው። ከሥራ ሲመለሱ ባልየው መሰላል ላይ ከሆኑ ከሥር ቆመው፣ ቀና ብለው ያነባሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሠርግ በንጉሡ ሠ ነው። በእሳቱ ሰ ጽፈኸዋል።»

«የሚያገባ ሰው እሱን የሚያይ መስሎሽ ነው?»

«እኔ አየሁታ! አጥፋው።»

ጋሽ ቀለም እያጉረመረሙ ጨርቃቸውን ጋዝ ነክረው ያጠፉታል። ለአንድ ፊደል ሲባል ግማሽ ቀን የጠበቀ ባለሱቅ ብዙ ነው። ባልና ሚስት መቼም ሲነታረኩ እንጂ ሲጣሉ አላየንም።

ከጊዜ በኋላ በኮምፒውተር የሚታተም ባነር መጣ። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ፣ ቀጥሎ ዳቦ ቤቱ፣ ከዚያ ሁሉም በየተራ ቦርዱን አውርዶ ፕላስቲክ ሰቀለ። «ፀሐይ ሲመታው ዓመት አይቆይም» ብለው ጋሽ ቀለም ተከራከሩ። እውነታቸውን ነበር፤ ግን ሲነጣ ሌላ ያሳትማሉ እንጂ ወደሳቸው የተመለሰ የለም። በዚያው ሰሞን ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሙ የነርቭ ነው አላቸው። ብሩሾቻቸውን አጥበው ጣሳ ውስጥ አቆሟቸውና ቤት ዋሉ።

ቲቸር ጡረታ ወጡ፣ ጥቂት ቆይተውም መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋቸው፤ ቀጥሎ ቁልፍ ለምን እንደሚያገለግል ጠፋቸው። ድስት ጥደው ረስተው ወጥ ቤቱ ጠቆረ። ሽንት ቤት ነው ብለው ቁም ሣጥን ከፈቱ። አንድ ቀን ባላቸውን በረንዳ ላይ ሲያገኟቸው ፈገግ ብለው፣ «ጌታዬ፣ ማንን ፈልገው ነው?» አሏቸው።

«አንቺን» አሉ ጋሽ ቀለም፤ ጓዳ ገብተውም ግድግዳ ተደግፈው አለቀሱ።

አንድ ልጅ አለቻቸው። የራሷ ትዳር ይዛ ከከተማው ማዶ የምትኖር፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ሴት ናት፤ ለወላጆቿ ግን ዛሬም ሚጡ ነች። እናቷን ሐኪም ቤት ይዛ የሄደችው እሷ ነበረች። ሐኪሟ ብዙ ተስፋ አልሰጠቻትም። አንድ ነገር ግን መከረቻት። «ማንበብ ቶሎ አይሄድም። ስም እየጠፋባቸውም ያነባሉ። በየበሩ ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ለጥፉላቸው።»

ጋሽ ቀለም ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «ይቺ ናት? እሱማ የኔ ሥራ ነው!» ብለው ከጓዳ ጣሳቸውን አወጡ። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አፍነው «መታጠቢያ ቤት» ብለው ጻፉ። ጠዋት የጀመሩት ከምሳ በኋላ አለቀ። ፊደሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፈው ገና ሲያዩዋቸው የሚወድቁ ይመስላሉ። በሩ ላይ ለጠፉትና ቲቸርን ይዘው መጡ።

ቲቸር አነበቡት። ከዚያ ጠጋ ብለው በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ፣ «ማነው ይሄን የጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ልጁ ፈርቷል» አሉ ቲቸር። «ሲጽፍ ማን ጮኸበት?»

በዚያ በር እንቢ ብለው አልገቡም። ጋሽ ቀለም ወረቀቱን ቀደው ጣሉት።

ፕሪንተር ይገዛ ያለችው ሚጡ ናት። አባትየው መጀመሪያ አልሰማም አሉ። «ከገበያ ያስወጣኝን ዕቃ በገዛ እጄ ቤቴ ላስገባ?» ቢሉም ሌላ መላ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቁ፤ በዓይን የሚታይ ገመድ እንዳይኖረው። ቲቸር ገመድ ባዩ ቁጥር እባብ ነው እያሉ ይጎትቱ ስለነበር ቴሌቪዥኑን አንዴ ከነጠረጴዛው አውርደውታል። ስለዚህ ፕሪንተሩ ቲቸር ከማይገቡበት ከኋለኛው ክፍል እንዲቀመጥ፣ ሳሎን ካለው ላፕቶፕ ጋር በዋይፋይ እንዲገናኝ ተስማሙ።

እሑድ ጠዋት ሚጡ ካርቶኑን በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። የግቢውን በር አባቷ ከፈቱላትና ቡናማ ቀለም የቀቡትን ብረት መሸጎጫ ለቀው፣ «ዝናብ ሳይመጣ አስገቢው» ብለው ቀድመዋት ገቡ። እሷም በተረከዟ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። መሸጎጫው ግን በእጅ ካልተገፋ አይገባም።

ቲቸር ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቢጫ ሹራባቸውን ለብሰዋል። ሚጡ ሳመቻቸው።

«እማዬ፣ ትንሽ ፀሐይ ሙቂ። አሁን መጣሁ።»

«እሺ የኔ ልጅ። ደብተርሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

የኋለኛው ክፍል ያሮጌ ቀለም ቆርቆሮ መጋዘን ነው። አንድ ሳጥን ላይ ቦታ አስለቅቀው ፕሪንተሩን አስቀመጡት፤ በየጎኑ የተለጣጠፈውን ፕላስተር ልጣጭ እያነሱ፣ የቀለም ካርትሪጆቹን አንድ በአንድ ቦታቸው አስገቡ። ጋሽ ቀለም አንዱን ካርትሪጅ አገላብጠው አዩና፣ «ይቺን ታህል? እኔ በዚህ ነጥብ እንኳ አልጨርስም» አሉ። ሚጡ ሳቀች። ከብዙ ጊዜ በኋላ በዚያ ቤት የተሰማ ሳቅ ነበር።

ስታበራው ሰማያዊ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ፊት ለፊቱ ባለችው ትንሽ የመስታወት መስኮት ላይ የዋይፋይ ስሞች ተደረደሩ፤ የጎረቤት ሁሉ አለ፣ የጋራዡ አለ፣ «አትስረቁኝ» የሚል የማን እንደሆነ የማይታወቅም አለ። የራሳቸው የለም።

«ምን ማለት ነው?» አሉ አባት። «ላፕቶፑ ይሠራ የለ?»

«ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር ሁለት ዓይነት ሞገድ አለው፣ አባዬ። አንዱ ፈጣን ነው፣ አንዱ ቀርፋፋ። ይሄ ደግሞ ቀርፋፋውን ብቻ ነው የሚሰማው። የገጠሙት ሰዎች አጥፍተውት ይሆናል።»

«እንደኔ ጆሮ በይው።»

ሳሎን ሄዳ በስልኳ የራውተሩን ማስተካከያ ከፈተች፤ እንደጠረጠረችውም ጠፍቶ ነበር፣ አበራችው። የራውተሩ መብራቶች ሁሉ ጠፍተው አንድ በአንድ እስኪመለሱ ጠበቀች። ከኋላ ክፍል አባቷ፣ «መጣ! የኛ መጣ!» ብለው ተጣሩ።

ቀጥሎ ፓስወርድ ተጠየቀ። ራውተሩ ሥር የተለጠፈውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ሚጡ ገልብጣ አምጥታ ታነባለች፤ ጋሽ ቀለም ትንሿን መስኮት በጣታቸው እየነኩ ያስገባሉ። «እኔ ላድርገው» ብትላቸው እንቢ አሉ። ጣታቸው ያልፈለጉትን ፊደል ይነካል፣ ሊያጠፉ ሲሉ ሌላ ይጨምራሉ። ላባቸው መጣ። እንደገና ጀመሩ። ይህን ጊዜ ነው የግቢው በር ሲጢጥ ያለው። ጋሽ ቀለም ቀና አሉ። ንፋስ ነው ብለው ጣታቸውን መለሱ።

መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ትቶ ረጋ። ተገናኘ።

ላፕቶፑ ግን ፕሪንተሩን አላየሁም አለ። ሚጡ ደጋግማ አስፈለገችው። ኋላ ነገሩ ሲገባት ግንባሯን መታች። ላፕቶፑን ያገናኘችው ለእንግዳ በተከፈተው መስመር ኖሯል። በእንግዳ መስመር የገባ ኢንተርኔት ያገኛል እንጂ ቤት ውስጥ ያለውን ሌላ ዕቃ አያይም።

«አንድ ቤት እየኖሩ አይተዋወቁም ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ቀለም።

«እንደዚያ ነው» አለች ሚጡ። ላፕቶፑን ወደ ዋናው መስመር ቀይራ እንዲያትም አዘዘችው። ወዲያው ከኋለኛው ክፍል ማጉረምረም ተሰማ፤ አንድ ወረቀት ተስቦ ገብቶ «መኝታ ቤት» የሚል፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ ጽሑፍ ይዞ ወጣ።

ጋሽ ቀለም ወረቀቱን ወደ ብርሃን አውጥተው መረመሩት። «ነፍስ የለውም። ግን አልፈራም» አሉ። «በይ እናትሽን ጥሪያት፤ ታንብበው።»

ወንበሩ ባዶ ነበር። የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

የመጀመሪያውን ሰዓት ለፍለጋ የወጣነው ጎረቤቶች ማናችንም አልደነገጥንም። ቲቸር ከዚህ በፊትም ሁለት ቤት አልፈው ተገኝተው ነበር። ጥግ ላይ ያለው ባለሱቅ፣ «አሁን አለፉ እኮ!» አለን። «‹ረፍዶብኛል፣ ልጆቹ ተሰልፈዋል› አሉኝ። እሑድ ነው ልላቸው ስል ደንበኛ መጣብኝ።» ትምህርት ቤቱ ጋ ስንደርስ ዘበኛው አንኳኩተው እንደነበር ነገረን። ዝግ ነው ሲላቸው በትሕትና ይቅርታ ጠይቀው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው አቅንተዋል። ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም። መሬት ተከፍታ የዋጠቻቸው መሰለ።

ፖሊስ ጣቢያ የነበረው መኮንን ደህና ሰው ነው። መዝግቦ ሲያበቃ፣ «ፎቶ አትማችሁ በየቦታው ለጥፉ። ሰው የሚገኘው በሰው ነው» አላቸው።

በቤታቸው ማተሚያ ነበር። አባትና ልጅ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጡ። ሚጡ ከስልኳ ፎቶ መረጠች፣ ያው ቢጫ ሹራብ ያለበትን። ከላይ «ጠፍተዋል» ብላ ጻፈች። ጋሽ ቀለም ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«አሳድጊው። ከመንገድ ማዶ መነበብ አለበት። እዚህ ጋ ክፍት ቦታ ተዪ፣ ዓይን ይረፍ።» ድምፃቸው የሥራ ድምፅ ነበር። ሚጡ «ጸጉራቸው የሸበተ» ብላ መጻፍ ስትጀምር አስቆሟት። «በየትኛው ጸ ነው? በጸሎቱ ነው በፀሐዩ?»

«አባዬ፣ አሁን ማን ግድ ይለዋል?»

«እሷን ግድ ይላታል።» ወደ ግቢው ዞር አሉ፤ የሚጠይቁት ሰው እዚያ እንዳለ ሁሉ። የሚጠየቅ አልነበረም። ሚጡ በአንዱ ጻፈች፤ ከዚያ እንባዋ ቁልፎቹ ላይ ይወርድ ጀመር።

«በሩን ያልሸጎጥኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑን ይዤ... በተረከዜ...»

«ሲጢጥ ሲል ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ቀለም። «ሰምቼ ነው የተቀመጥኩት። አልቅሰሽ ስትጨርሺ አትሚው።»

ማተሚያው ያለማቋረጥ ሠራ። ከካርቶኑ ጋር የመጡት ካርትሪጆች ግማሽ ብቻ የተሞሉ ኖረው ብዙ ሳይቆይ ቢጫው አለቀ። ከዚያ በኋላ የወጡት ፎቶዎች ላይ የቲቸር ሹራብ እንደ አመድ ነጣ። እሑድ ስለነበር ካርትሪጅ የሚሸጥ ሱቅ አልተከፈተም። ጋሽ ቀለም አንድ ቆርቆሮ ቢጫ የዘይት ቀለም ከፍተው በእንጨት አማሰሉ፤ ብሩሻቸውን ይዘው እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሹራቡን ይቀቡ ጀመር። እጃቸው ይዘላል፣ ቀለሙ ከሹራቡ እያለፈ አንገትና እጅ ይነካል። ማንም ልርዳዎት አላላቸውም። እኛ ሙጫ ይዘን በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ነበር።

እስኪመሽ ለጠፍን። በነጋታው ስንወጣ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ የቲቸርን ፊት አፍስሶታል። የፕሪንተሩ ቀለም በውሃ ይሄዳል ለካ። ጽሑፉ ግራጫ እንባ ሆኖ ወርዷል፤ ያልሄደው የዘይት ቀለሙ ብቻ ነው። በየግድግዳው ላይ ባለቤት የሌለው ቢጫ ሹራብ ተሰቅሎ ቀረ።

ሚጡ አዲስ አትማ በላስቲክ ሸፈነችው። ያንን ልንለጥፍ አሮጌውን ስንልጥ፣ አንድ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ አጠገባችን ቆመ። «ይቺን ሹራብ አውቃታለሁ» አለ። «ትናንት መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሄዱ። ‹ልጆቹ የት ናቸው?› ይሉኝ ነበር። የቀልድ መስሎኝ ‹ወርደዋል› አልኳቸው። እሳቸውም ወረዱ።» ይህን ሲናገር ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይጨመድደው ነበር።

የመጨረሻው ፌርማታ ከከተማው ዳር፣ ተጀምረው የቀሩ ሕንፃዎች ያሉበት ነው። ፖሊሱም እኛም ቀኑን ሙሉ ፎቅ ለፎቅ ዞርን። ያገኛቸው የአንዱ ሕንፃ ጠባቂ ነው። መስኮትና በር ያልተገጠመለት ክፍል ውስጥ ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሹራባቸው ረጥቦ ከገላቸው ተጣብቋል፣ አንድ እግራቸው ባዶ ነው። ጋሽ ቀለም ሲደርሱ ኮታቸውን አውልቀው አለበሷቸው። ቲቸር እየተንቀጠቀጡ፣ «ዝም በል፣ ልጆቹ እየጻፉ ነው» አሏቸው በሹክሹክታ።

ሐኪም ቤት ሳንባቸው መመታቱን ነገሩን። አልጋ እስኪገኝ ኮሪደር ላይ በተሽከርካሪ አልጋ ተኝተው ጠበቁ። ግድግዳው ላይ፣ ከራሳቸው ፊት ለፊት፣ ከእኛ አንዱ የለጠፈው ወረቀት ነበር። ለማንሳት ያሰበ የለም። ቲቸር ዓይናቸው እዚያ ላይ አረፈና ጮክ ብለው፣ ሳይደናቀፉ አነበቡት። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የለበሱትን፣ ሁሉንም። ሲጨርሱ ፎቶውን አዩ።

«ምስኪን» አሉ። «አገኟት?»

ሚጡ ፊቷን አዙራ ወጣች። ጋሽ ቀለም የቲቸርን እጅ ያዙ። ሁለቱም እጆች ይንቀጠቀጡ ነበር፣ አንዱ በትኩሳት፣ አንዱ በነርቭ።

«እየፈለጓት ነው» አሉ።

«ፈላጊ ካላት ደህና ናት።»

 ሳምንቱ ሳይሞላ ቲቸር አረፉ።

ሚጡ ለረጅም ጊዜ በዚያ የግቢ በር ማለፍ አቃታት፤ ከመንገድ ትደውላለች፣ አባቷ ወጥተው ደጅ ላይ ቆመው ያወራሉ። ስለዚያ እሑድ ሁለቱም ሆድ ይፍጀው አሉ። ባሏ ነው አንድ ቀን እጇን ይዞ ያስገባት። ፕሪንተሩን ላውጣው፣ ልስጠው ብትላቸው ጋሽ ቀለም፣ «ተዪው፣ ምን አደረገ?» ብለው ጨርቅ አለበሱት።

ከክረምቱ በኋላ ከጋራዡ ጀርባ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ መጣች። ወንድሟ ለሥራ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ በር ላይ ቆመች፤ «የቲቸርን ወረቀት ያተማችሁት እዚህ ነው ሲሉ ሰማሁ» አለች።

ጋሽ ቀለም አስገቧት፤ ጨርቁን አነሱ። ማተሚያው ከበራ ብዙ ጊዜው ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ራውተሩ ሌላ አድራሻ ሰጥቶታል፤ ላፕቶፑ ፈልጎ አጣው። ለሚጡ ደወሉላት። እሷ በስልክ እየነገረቻቸው ላፕቶፑ ላይ የነበረውን አሮጌ ምዝገባ አስወግደው እንደገና አስገቡት፤ አድራሻው ሁለተኛ እንዳይቀየርም በራውተሩ ላይ እንዴት እንደሚያስሩት አስረዳቻቸው። በፊት ላብ ያስመጣባቸውን ሁሉ በራሳቸው እጅ ጨረሱት። ሴትዮዋ ጥግ ላይ ተቀምጣ የቀለም ቆርቆሮዎቹን ታያለች።

የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ተቀበለችና ወንድሟን አየችው። 

«የሚገኝ ይመስልዎታል፣ ጋሼ?»

ሌላ ሰው ቢሆን «አይዞሽ» ይላል።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ቀለም። «ሙጫ አለሽ?»

«የለኝም።»

ከሳጥኑ ሥር የሙጫ ባልዲ ጎትተው አወጡ፣ ወረቀቶቹን በላስቲክ ጠቀለሉላት፣ ጫማቸውንም አጥልቀው አብረዋት ወጡ።